የልጅ ነገር በስልክ ዘመን

«የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን አባባል አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው የልጅን ነገር ለማጣጣል ነው። ልጅ በእንግዳ ፊት ያልተጠበቀ ነገር ሲናገር፣ ወይም የቤት ምሥጢር አውጥቶ ቤተሰቡን ሲያሳፍር፣ ትልልቆቹ «ተዉት፣ የልጅ ነገር ነው» ብለው ያልፉታል። አባባሉ ግን «ሁለቱም ጥሬ ነው» አላለም። ከሁለቱ አንዱ ብስል ነው ብሏል። ብስሉን ከጥሬው ለመለየት ደግሞ ልጁን እስኪጨርስ ከመስማት ሌላ መንገድ የለም።

ውድ አንባቢያን፣ የዛሬው ጨዋታችን በዚህ ላይ ነው። ልጆቻችን በስልክ፣ በቲክቶክ፣ በቴሌግራምና በዩቲዩብ ዘመን ሐሳባቸውን የመግለጽና በሚመለከታቸው ጉዳይ የመሰማት መብት አላቸው ሲባል ምን ማለት ነው? ብዙ ወላጆች ይህን ሲሰሙ የመጀመሪያው ስሜታቸው ስጋት ነው። «መብት እያላችሁ ልጆቹን አበላሻችሁብን» የሚሉ አሉ። ስጋቱ መሠረት የሌለው አይደለም። ሆኖም ልጅን መስማትና ልጅን መጠበቅ የሚጣሉ ሁለት ነገሮች ተደርገው መታየታቸው ትክክል አይመስለኝም። እንዲያውም በስልክ ዘመን የማይሰማ ልጅ የማይጠበቅ ልጅ ነው። ምክንያቱን ቀስ እያልን እናያለን።

በእኛ ቤት ልጅ አይናገርም ነበር?

አንዳንድ አያቶች «እኛ ስናድግ ልጅ በትልቅ ፊት አይናገርም ነበር» ይሉኛል። እውነት አላቸው፤ ግን ግማሹን ነው የነገሩኝ። ያደግንበትን ቤት እስቲ መለስ ብለን እናስታውስ። ማታ ምድጃ ዳር እንቆቅልሽ ስንጫወት ጠያቂው ብዙ ጊዜ ልጅ ነበር። ትልቁ ሰው መልሱን ካላወቀ «አገር ስጠኝ» ይባላል። አያት ለልጅ ልጃቸው ጎንደርን ወይም ሐረርን ሰጥተው መልሱን ይቀበላሉ። አያት በልጅ ተረቱ ብሎ የተቀየመ አልነበረም፤ ቤቱ በሳቅ ይሞላል እንጂ።

ቡሄ ሲመጣም ወንዶች ልጆች ዱላቸውን ይዘው ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጃፍ ይቆማሉ። የቤቱን ጌታ ያሞግሳሉ፣ የሰጣቸውን ይመርቃሉ፣ የነፈጋቸውን ደግሞ በግጥም ሸንቆጥ አድርገው ያልፋሉ። በእንቁጣጣሽ ሴቶች ልጆች አበባየሆሽ እያሉ ከቤት ቤት ይዞራሉ። ልጅ በአደባባይ እንዲናገር፣ እንዲያሞግስና እንዲወቅስ የፈቀደው ሌላ ማንም አይደለም፤ ይኸው ባህላችን ነው።

እነዚህ ጨዋታዎች ግን ወሰን ነበራቸው። ጊዜያቸው ይታወቃል፤ ሰሚዎቻቸው የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ልጆቹ በቡድን ነው የሚሄዱት፤ ከመሸ ደግሞ የሚጠራቸው ሰው አለ። ልጁ ቢሳሳት ይሳቅበታል፣ በማግስቱ ይረሳል። ስልክ ያመጣው ለውጥ እዚህ ላይ ነው። ዛሬ ልጅ የሚቆምበት ደጃፍ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ሰሚው ሺህ ሰው ሊሆን ይችላል። የተናገረው ደግሞ አይረሳም፤ ሌላ ሰው ስክሪንሹት አድርጎ አስቀምጦት ከአምስት ዓመት በኋላ ሊያወጣው ይችላል። ስለዚህ ያለብን ጥያቄ «ልጅ ይናገር ወይስ አይናገር» የሚለው አይደለም፤ አዲሱ ደጃፍ ምን ዓይነት ወሰን ያስፈልገዋል፣ ወሰኑንስ ከማን ጋር ሆነን እናውጣው የሚለው ነው።

ስልኩ እንዴት ቤታችን ገባ?

«ለልጅ ስልክ ምን ያደርጋል?» የሚለውን ጥያቄ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ በርካታ ትምህርት ቤቶች የቤት ሥራና ማስታወሻ የላኩት በቴሌግራም ነበር። «ስልክ አትንካ» እንለው የነበረውን ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ «ስልኩን ያዝና ተማር» አልነው። ትምህርት ቤቶቹ ሲከፈቱም ስልኩ ወደ ኋላ አልተመለሰም። ዛሬም በብዙ ቤት የክፍል ማስታወቂያ፣ የፈተና ፕሮግራምና የቤት ሥራ በስልክ ይመጣል።

ሌላም ምክንያት አለ። ብዙ አያቶች እናታቸው ወይም አባታቸው አረብ አገር የሄደባቸውን ልጆች ያሳድጋሉ። ለእነዚህ ልጆች እናት ማለት በኢሞ ወይም በዋትስአፕ የምትታይ ፊት ናት። ቤይሩት ወይም ዱባይ ያለች እናት ልጇ ጥርሱ መውለቁን፣ ክፍል መዛወሩን፣ መታመሙን የምታውቀው በዚያች መስታወት በኩል ነው። የዓለም አቀፉ የሕፃናት መብቶች ስምምነት 10ኛ አንቀጽ ወላጆቹ በሌላ አገር የሚኖሩ ልጅ ከእነሱ ጋር ዘወትር የመገናኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ታዲያ እንዲህ ያለውን ልጅ ለመቅጣት ስልኩን ጨርሶ መንጠቅ ከቅጣት ያለፈ ነገር ነው። ልጁ አጥፍቶ ከሆነ ጨዋታውን ይከልከል፤ የእናቱ ጥሪ ግን ከቅጣቱ ውጭ ይሁን።

የተጻፈው ምን ይላል?

የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት የጸደቀው እ.ኤ.አ በ1989 ነው። ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 መሠረት ደግሞ አገሪቱ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው። በስምምነቱ 12ኛ አንቀጽ መሠረት የራሱን ሐሳብ መፍጠር የሚችል ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን መግለጽ ይችላል፤ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት ሊሰጠው ይገባል። 13ኛው አንቀጽ ደግሞ ልጅ መረጃ የመፈለግ፣ የመቀበልና የማካፈል መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህ መብት ግን የሌላውን ሰው መብትና መልካም ስም ለማክበር ሲባል በሕግ ሊገደብ እንደሚችልም እዚያው ተጽፏል።

«እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ» የሚለውን ልብ በሉልኝ። ሕጉም እንደ እኛ አባባል ብስልና ጥሬ እንዳለ ያውቃል። ልጅ ያለው ሁሉ ይፈጸም አላለም። ይሰማና ይመዘን ነው ያለው። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው አሁንም ወላጅ ነው። ነገር ግን ልጁን ሰምቶ «አይሆንም» ማለትና ሳይሰሙ «አይሆንም» ማለት ለልጁ አንድ አይደሉም።

«ይህ የፈረንጅ ሕግ ነው» ለሚሉ ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ የጸደቀውን ላስታውሳቸው። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር በአፍሪካ አንድነት ድርጅት የጸደቀው እ.ኤ.አ በሐምሌ 1990 በዚህችው ከተማ ነው። ቻርተሩ በ7ኛው አንቀጽ ሐሳቡን መግለጽ ለሚችል ልጅ ሁሉ ሐሳብን በነፃነት የመግለጽ መብት ይሰጣል። በ10ኛው አንቀጽ የልጁን የግል ሕይወት ይጠብቃል፤ እዚያው ላይ ግን ወላጆች ተገቢ ቁጥጥር የማድረግ መብት እንዳላቸው ይጨምራል። በ31ኛው አንቀጽ ደግሞ ልጅ ወላጆቹንና ታላላቆቹን የማክበር ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል። ማክበርና መናገር በአንድ ሰነድ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አያቶቻችን ከሚያውቁት ሥርዓት ብዙም የራቀ አይደለም።

በየዓመቱ ሰኔ 9 ቀን የሚከበረው የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ከምን እንደመጣ ልጆቻችሁን ብትጠይቋቸው ጥሩ ጨዋታ ይወጣዋል። እ.ኤ.አ ሰኔ 16 ቀን 1976 በደቡብ አፍሪካዋ ሶዌቶ ተማሪዎች በአፍሪካንስ ቋንቋ አንማርም ብለው አደባባይ ወጡ። ፖሊስ ተኮሰባቸው፤ ልጆች ሞቱ። ያንን ቀን ነው አፍሪካ የልጆች ቀን ያደረገችው። ልጆቹ የተናገሩት ስለ ራሳቸው ትምህርት ነበር። ነገራቸውም ብስል ነበር።

እ.ኤ.አ በ2021 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮሚቴ እነዚህ መብቶች በኢንተርኔትም እንደሚሠሩ የሚያብራራ ሰነድ አውጥቷል። ሰነዱ ሲዘጋጅ በ28 አገሮች የሚገኙ ከ700 በላይ ልጆችና ወጣቶች ሐሳባቸውን ተጠይቀዋል። ስለ እነሱ የሚጻፍ ነገር እነሱ ሳይጠየቁ መውጣት የለበትም የሚለውን መርህ ሰነዱ በራሱ አሠራር አሳይቷል ማለት ነው።

ከራሳችን እንጀምር

ይህን ሁሉ ብለን ወደ ቤታችን ስንመለስ የመጀመሪያው ጥያቄ ልጆቹን ሳይሆን እኛን ይመለከታል። የልጆቻችንን ፎቶ አስቀድሞ ኢንተርኔት ላይ የሚያወጣው ማን ነው? እኛው ነን። ገና በአራስነቱ፣ በክርስትናው ወይም በስም ማውጫው፣ በልደቱ፣ ኬጂ ጋውን ለብሶ ሲመረቅ፣ ሪፖርት ካርዱን ሲቀበል። ልጁ የራሱን አካውንት ለመክፈት ዕድሜው ሳይደርስ መልኩ፣ ስሙ፣ የተወለደበት ቀንና የሚማርበት ትምህርት ቤት በሙሉ ወጥቶ ያልቃል።

አንድ የማውቃቸው ቤተሰብ የዘጠኝ ዓመት ልጃቸው ፀጉር ቤት ተቀምጦ ሲያለቅስ ቀርጸው ቲክቶክ ላይ አወጡት። ለእነሱ ፍቅር ነበር፤ ዘመድ አዝማዱም ሳቀ። ቪዲዮው ግን ከዘመድ አልፎ የክፍል ጓደኞቹ ጋ ደረሰ። በማግስቱ ልጁ በክፍል ውስጥ አዲስ ቅጽል ስም ወጣለት። ለሁለት ሳምንት ያህል ጠዋት ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» እያለ ትምህርት ቤት አልሄድም አለ። ወላጆቹ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ምክንያቱን የተናገረው ለአያቱ ነው፤ እሳቸው «ማን ምን አለህ?» ብለው ስለጠየቁት። ቪዲዮው በዚያው ቀን ጠፋ፤ ቅጽል ስሙ ግን እስካሁን አለ።

ይህ ልጅ አስቀድሞ «ላውጣው?» ተብሎ ቢጠየቅ ምን ይል ነበር? «እንዳታወጡት» ይል ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስለ ግል ሕይወት መብት አያውቅ ይሆናል፤ የክፍል ጓደኞቹ ምን እንደሚሉ ግን ከእናቱ በላይ ያውቃል። ብስሉ ፍሬ ያለው እዚህ ነው። ልጆች የራሳቸውን ዓለም ከእኛ በላይ የሚያውቁበት ጉዳይ አለ፤ በዚያ ጉዳይ ላይ አለመጠየቅ የሚጎዳው እነሱን ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው የቤት ደንብ ቀላል ነው፤ የልጁን ፎቶ ወይም ቪዲዮ ከማውጣታችን በፊት እንጠይቀው። የአራት ዓመት ልጅ እንኳ «ይህን ለአክስትህ ልላክላት?» ሲባል «እሺ» ወይም «እምቢ» ማለት ይችላል። እምቢ ካለ ይቅር። ምን የሚጎድልብን ነገር አለ? ልጁ ግን ትልቅ ነገር ይማራል፤ መልኩ የራሱ እንደሆነና «እምቢ» ብሎ መከበር እንደሚቻል። ይህን ቤቱ ውስጥ የተማረ ልጅ ነገ የማያውቀው ሰው «ፎቶህን ላክልኝ» ሲለው እምቢ ማለት አይከብደውም። ቤቱ ውስጥ እምቢታው ዋጋ ኖሮት የማያውቅ ልጅ ከየት ያመጣዋል?

ከዚህ የከፋም አለ። አንዳንድ ሰዎች በቲክቶክ የቀጥታ ስርጭት ላይ ልጅ ከፊታቸው አስቀምጠው ስጦታ ይለምናሉ። ቲክቶክ ራሱ የቀጥታ ስርጭት ማስተላለፍን የሚፈቅደው ዕድሜው 18 ለሞላ ሰው ብቻ ነው። ልጁን ከካሜራ ፊት አስቀምጦ እስከ እኩለ ሌሊት ማቆየት መብቱን መጠቀም አይባልም፤ የሰው መጠቀሚያ መሆን ነው። ልጅ ስለተናገረ ብቻ ተሳተፈ አይባልም። የተናገረው የራሱን ነው ወይስ የተሰጠውን ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ልጁ ራሱ መናገር ሲፈልግ

ሁለተኛው ጉዳይ ልጁ በራሱ ተነሳሽነት ሐሳቡን ለማውጣት ሲፈልግ ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃችሁ «እማዬ፣ የሥዕል ቪዲዮ እየሠራሁ ዩቲዩብ ላይ ላውጣ?» አለች እንበል። በብዙ ቤት መልሱ ወይ «ትምህርትሽን ተማሪ» ነው፣ ወይ ሳያዩ «እሺ» ማለት ነው። ሁለቱም ልጅቷን አልሰሙም። ሦስተኛው መንገድ ጥያቄ መጠየቅ ነው። ምን ማሳየት ነው የፈለግሽው? ማን እንዲያየው ነው? ፊትሽ የግድ መታየት አለበት ወይስ እጅሽና ሥዕልሽ ይበቃል? መጥፎ አስተያየት የጻፈ ሰው ቢመጣ ምን ታደርጊያለሽ? እነዚህን አራት ጥያቄዎች አብራችሁ ስትመልሱ ብስሉና ጥሬው ራሱ ይለያል። የሥዕል ፍላጎቷ ብስል ነው። ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ የትምህርት ቤቷ ስም ደረቷ ላይ እየተነበበ መቀረጿ ጥሬ ነው። ብስሉን ይዛችሁ ጥሬውን ታቆዩታላችሁ።

ዕድሜን በተመለከተ ወላጅ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ አካውንት ለመክፈት ዝቅተኛው ዕድሜ 13 ነው ይላሉ። ቲክቶክ ዕድሜያቸው ከ16 በታች የሆኑ ልጆች የግል መልእክት እንዳይለዋወጡ ይከለክላል፤ አካውንታቸውንም ከመነሻው ዝግ ያደርገዋል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ልጁ ትክክለኛ ዕድሜውን ካስገባ ነው። ብዙ ልጆች አካውንት ሲከፍቱ የሚያስገቡት የውሸት ዕድሜ ነው፤ አንዳንዴም አካውንቱን ከፍቶ የውሸቱን ዕድሜ የሚሞላላቸው ታላቅ ወንድም ወይም አጎት ነው። በዚያች ቅጽበት ልጁ ለድርጅቱ ትልቅ ሰው ይሆናል፤ ጥበቃው ሁሉ ይነሳል። ስለዚህ ልጁ አካውንት ካለው ዕድሜው ስንት ተብሎ እንደተመዘገበ አብራችሁ ተመልከቱ።

የሌላው ሰው መብትም እዚህ ይነሳል። ልጅ የመናገር መብት አለው ማለት የክፍል ጓደኛውን ሲያነጥስ ቀርጾ፣ የመምህሩን ድምፅ ቀድቶ፣ በቴሌግራም ግሩፕ መበተን ይችላል ማለት አይደለም። ስምምነቱ ገደብ ያለው ለዚህ ነው። እናቱ የእሱን ፎቶ ሳትጠይቅ የማታወጣ ልጅ ይህን ደንብ ለማስረዳት ብዙ ቃል አይፈልግም። እናቱ ሳትጠይቀው የምታወጣበት ልጅ ግን «አንቺስ?» ቢል መልስ የለንም።

ዝም ያለ ልጅ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። መግቢያዬ ላይ የማይሰማ ልጅ የማይጠበቅ ልጅ ነው ብያለሁ። በስልክ በኩል በልጆች ላይ የሚደርሰው ክፉ ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት መንገድ አለው። የማይታወቅ ሰው ይመጣል፤ እኩያ መስሎ ያወራል፤ ያደንቃል፤ ፎቶ ይለምናል፤ ፎቶው ሲደርሰው «ተጨማሪ ካልላክሽ» ወይም «ገንዘብ ካላመጣህ ለቤተሰብህ እልከዋለሁ» ይላል። የዚህ ሰው ጉልበት ያለው በፎቶው ላይ ብቻ አይደለም። ትልቁ ጉልበቱ ልጁ ለቤተሰቡ አይናገርም ብሎ ማመኑ ነው። ልጁ እናቱ ጋ ሄዶ «እማዬ፣ እንዲህ ያለ ነገር ደረሰብኝ» ካለ የሰውየው ጨዋታ በዚያው አበቃ።

ታዲያ ልጆች የማይናገሩት ለምንድን ነው? ከተናገሩ የሚከተለውን ስለሚያውቁ ነው። ስልኩ ይወሰዳል፤ ዱላ ይኖራል፤ «ነግሬህ ነበር» ይባላል፤ ወሬው ለአጎት፣ ለአክስት፣ ለጎረቤት ይደርሳል። ልጁ ሁለቱን ፍርሃት ያመዛዝናል። ከማያውቀው ሰው ይልቅ አባቱን የሚፈራ ከሆነ ለማያውቀው ሰው ይታዘዛል። ይህ ከባድ ነገር ነው፤ ግን እውነት ነው።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ቤት ከችግሩ በፊት፣ በሰላሙ ቀን፣ ጮክ ተብሎ መነገር ያለበት አንድ ቃል ኪዳን አለ። «በስልክ ምንም ነገር ቢደርስብህ፣ ያጠፋኸው አንተ ብትሆን እንኳ፣ መጥተህ ብትነግረኝ አልመታህም፤ ስልኩንም በዚያ ምክንያት አልወስድብህም፤ ለማንም አላወራም።» ቃል ከተገባ ደግሞ መጠበቅ አለበት። አንድ ጊዜ ከፈረሰ ልጁ ሁለተኛ አይመጣም።

ችግሩ ከደረሰም የሚደረገው ግልጽ ነው። ልጁን አመስግኑት፤ መናገሩ ድፍረት ነው። ገንዘብ አትክፈሉ፤ የከፈለ ሰው ደግሞ ይጠየቃል። መልእክቶቹን ከማጥፋት ይልቅ ለማስረጃ አስቀምጡ፤ ከዚያ ሰውየውን ብሎክ አድርጉና ወደ ፖሊስ ሂዱ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በልጆች ላይ በኮምፒውተርና በስልክ አማካይነት የሚፈጸሙ ወሲባዊ ወንጀሎችን ይቀጣል። ተጠያቂው ያስፈራራው ሰው እንጂ ልጁ አይደለም፤ ይህን ልጁ ከእናንተ አፍ ይስማ።

መከልከልስ?

«ለምን ጨርሶ አንከለክልም?» የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። አውስትራሊያ ይህን ሞክራለች። ከታኅሣሥ 2018 ዓ.ም ጀምሮ ትልልቆቹ የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ዕድሜያቸው ከ16 በታች የሆኑ ልጆች አካውንት እንዳይኖራቸው የማድረግ ግዴታ አለባቸው። ግዴታው የተጣለው በድርጅቶቹ ላይ ነው፤ ሕጉ ልጁንም ወላጁንም አይቀጣም። ደጋፊዎቹ ልጆችን ከአደጋ ያርቃል ይላሉ፤ ተቃዋሚዎቹ ልጆች ተደብቀው ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳሉ፣ ድምፃቸውንም ያጣሉ ይላሉ።

እኔ ዕድሜ መገደቡን አልቃወምም። የስምንት ዓመት ልጅ የራሱ ስልክ፣ የራሱ አካውንት ያስፈልገዋል የሚል እምነትም የለኝም። ግን ክልከላ የወላጅን ጆሮ አይተካም። ልጁ በጎረቤት ልጅ ስልክ ያያል፤ በታላቅ እህቱ ስልክ ያያል። በተደበቀበት ቦታ አንድ ነገር ቢደርስበት ደግሞ ሁለት ጥፋት ይሆንበታል፤ የደረሰበት ነገርና ደንብ መጣሱ። ያን ጊዜ ዝምታው ይበረታል።

ስለዚህ የምመክረው በቤት ተቀምጦ የሚወጣ ደንብ ነው። ከእሑድ ምሳ በኋላ ቡና ሲፈላ ልጆቹም አብረው ይቀመጡ። ስልክ ማታ የት ያድራል? ምግብ ላይ ይነሳል ወይ? የቤት ሥራ ሳያልቅ ይከፈታል ወይ? ፎቶ ማን ያወጣል፣ ማንን ጠይቆ? ልጆቹ መጀመሪያ ይናገሩ፤ ትልልቆቹ ከተናገሩ በኋላ ልጅ የሚለው ያጥረዋልና። የልጆቹ አንድ ሁለት ሐሳብ በደንቡ ውስጥ ይግባ። ደንቡ ለአባትና ለእናትም ይሥራ። ልጆቹ «አባባም ራት ላይ ስልክ አያንሳ» ካሉ፣ እንግዲህ ያ ብስሉ ፍሬ ነው፤ መዋጥ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ደንቡ እንደገና ይታይ፤ ልጅ ያድጋል፣ የአሥር ዓመቱ ደንብ ለአሥራ ሦስት ዓመቱ አይሆንም።

አያቶች በዚህ ውስጥ የተለየ ቦታ አላችሁ። ስልኩን በደንብ አለማወቃችሁ ድክመት አይደለም። «እስቲ አሳየኝ፣ ይህ ምንድን ነው? ይህን ሰው ከየት አወቅከው?» ብላችሁ ስትጠይቁ ልጁ ምርመራ አይመስለውም፤ አስተማሪ የሆነ ይመስለዋል። ለወላጅ የማይከፈተው ነገር ለአያት ይከፈታል። ውጭ አገር ያሉ የልጅ ልጆቻችሁ ፎቶ ሲላክላችሁም በዕድር ወይም በማኅበር ግሩፕ ከመላካችሁ በፊት ወላጆቻቸውንና ልጆቹን አስጠይቁ። ዋሽንግተን ያለችው የልጅ ልጅ «አያቴ አስፈቀደችኝ» ብላ ለጓደኞቿ ትናገራለች፤ እንዲህ ያለ ክብር አይረሳም።

ለዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ልተውላችሁ። ስልካችሁን ክፈቱና ከዚህ በፊት ያወጣችኋቸውን የልጆቻችሁን ፎቶዎች ከልጆቹ ጋር አብራችሁ ተመልከቱ። «የቱ ይቅር? የቱ ይቆይ?» በሏቸው። «ይቅር» ያሉትን እዚያው አጥፉት። ምክንያቱን ሲነግሯችሁ አታቋርጧቸው፤ እስከዛሬ ያልሰማችሁትን ትሰሙ ይሆናል።

ቸር ሰንብቱ።